የፒካፓችን ሕመምና የሾፌሩ ደብተር

በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የግብርና ልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ በዚህ መድረክ እንድናገር ሲጋብዘኝ የሰጠኝ ርዕስ የስንዴ ቢጫ ዋግን ስለመከላከል ነበር። ስለ ዋግ ግን በየማሳው ዳር ስንነጋገር ከርመናል፤ ከእኔ የተሻለ ዕውቀት ያላቸው አርሶ አደሮችም እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። ስለዚህ ኮሚቴውን አስፈቅጄ ርዕሱን ቀይሬያለሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ ዩኒየናችን ፒካፕ ነው። አንዳንዶቻችሁ ከአሁኑ ፈገግ ስትሉ አያለሁ፤ ያን መኪና ገፍታችሁ የማታውቁ ጥቂቶች ናችሁና።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። በ2010 ዓ.ም. ከግብርና ኮሌጅ በዕፅዋት ሳይንስ በዲፕሎማ ተመርቄ ወደዚህ ወረዳ የተመደብኩ የልማት ሠራተኛ ነኝ። ስለ ሞተር የተማርነው ለማስተማሪያ ከተቆረጠ አንድ አሮጌ የትራክተር ሞተር ፊት ቆመን ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ እሱንም በፈተናው ማግስት ረስቼዋለሁ። ይሁን እንጂ ፒካፑ መንገድ ላይ በቆመ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ጋቢናው ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ለጥፋቱም የራሴ ድርሻ አለኝ፤ እሱንም ሳልደብቅ እናገራለሁ።

እንደምታስታውሱት ፒካፑ ግቢያችን የገባው በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ነው። ባለ ሁለት ጋቢና፣ በናፍጣ የሚሠራ፣ የወንበሩ ፕላስቲክ እንኳ ገና ያልተላጠ አዲስ መኪና ነበር። የተገዛበት ገንዘብ ከማንም በእርዳታ የመጣ አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከትርፍ ክፍፍላችሁ ላይ እየተቀነሰ የተጠራቀመ ነው። እናቶች ቄጠማ ጎዝጉዘው ቡና አፈሉ፤ አንድ አባታችን የሞተሩን ክዳን ቅቤ ቀብተው መረቁት። ዘር፣ ማዳበሪያና ፀረ ዋግ መድኃኒት በጊዜ ይደርስልናል፣ የኪራይ መኪና ልመናም ይቀርልናል ብለን ነበር።

ሦስት ወር ያህል ደህና ሠራ። በጥር ወር፣ ገና 7,000 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ፣ ከሆሳዕና ስንመለስ ዳገት ላይ አልጎትት አለ። ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ ድምፁን ያሰማል እንጂ ጉልበት የለውም። አቁመን አጠፋነው፤ ጥቂት ቆይተን ስናስነሳው እንደ ጤነኛ ሄደ። በማግስቱ ከተማ ጋራዥ ወሰድነው። መካኒኩ የእጅ ኮምፒዩተሩን ሰካ፣ አንድ ቁጥር አየ፣ ቁጥሩን አጠፋው፣ ሒሳቡን ተቀበለ። "ምን ነበረው?" ስለው "አሁን ደህና ነው" አለኝ። እኔም በዚያ ረክቼ ወጣሁ።

በየካቲት ያው ሕመም ተመለሰ። ሌላ ጋራዥ ሄድን፣ የናፍጣ ፊልትሮው ተቀየረ። የተቀየረው ኦርጅናል አልነበረም፤ ዋጋው ግማሽ ስለሆነ ሁላችንም ደስ ብሎን ነው የገዛነው። በመጋቢት እንደገና፣ በሚያዝያ እንደገና። በሚያዝያው ጉዞ ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ። መብራቱ ላይ የፊልትሮ የመሰለ ሥዕልና ከሥሩ ጠብታዎች አሉ። ሾፌራችን "ይሄ የውኃ ምልክት ነው" ቢሉም በዚያ ሰሞን ዝናብ ስለነበር እኔ የዝናብ ውኃ የሆነ ቦታ ገብቶ ይሆናል ብዬ ገመትኩ። ሦስተኛው ጋራዥ ያደረገውን ስሰማ ግን ዛሬም ያሳፍረኛል። ከፊልትሮው ሥር የምትሰካውን አንዲት ቀጭን ገመድ ነቀለና መብራቱን አጠፋልን። ለዚህም 300 ብር ከፈልን። ያን ዕለት ሾፌራችን ከጋራዡ አልነበሩም፤ መኪናውን ያስረከብኩትም የተረከብኩትም እኔ ነኝ። መብራቱ ጠፋልኝ ብዬ አመስግኜ ወጣሁ።

እዚህ ላይ ጥቂት ላቁምና ስለ መኪናው ኮምፒዩተር አንድ ነገር ልበል። አዲሶቹ መኪኖች ችግር ሲያጋጥማቸው የችግሩን ዓይነት በቁጥር መዝግበው ይይዛሉ። ያ ቁጥር ለመካኒኩ የታማሚ ካርድ ማለት ነው። ሳይጻፍ ከጠፋ፣ የሚቀጥለው ሐኪም ከዜሮ ይጀምራል። እኛ በስምንት ወር ውስጥ አራት ጋራዥ ዞረን አራቱም ካርዱን ቀደዱብን፤ አንዳቸውንም "ቁጥሩን ጻፍልን" ብለን አልጠየቅንም።

በሰኔ የሆነውን በአጭሩ ልለፈው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነውና። ባሌስትራው ተሰበረ። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የሚፈቅደው ጭነት ከአንድ ቶን አይበልጥም፤ ይህም በማዳበሪያ ሲሰላ ባለ 50 ኪሎ ሃያ ከረጢት ነው። እኛ የጫንነው 32 ከረጢት ሲሆን፣ ከላይ የተቀመጡትን አምስት ሰዎች አልቆጠርኩም። ለዚህ ፋብሪካውንም ሻጩንም መውቀስ አይቻልም።

ክረምቱ ሲገፋ መኪናው ባሰበት። በሐምሌና በነሐሴ አራት ጊዜ ቆመ። በመጨረሻም በመስከረም 2014 ዓ.ም. ሁላችሁም የምታውቁት ሆነ። በደጋዎቹ ቀበሌዎች ላይ ቢጫ ዋግ ታየ። ዋግ ቀን አይሰጥም፤ የላይኛዎቹ ቅጠሎች ከመያዛቸው በፊት ካልተረጨ በኋላ የሚረጨው መድኃኒት ለገንዘብ ኪሳራ ነው። መድኃኒቱን ጭነን ከዩኒየኑ መጋዘን ስንነሣ ጧት ነበር። ከግማሽ መንገድ በላይ ከሄድን በኋላ ሞተሩ ጠፋ፤ እንደ ወትሮው ጥቂት ቆይቶ አልተነሣም። ስልክ ፍለጋ ኮረብታ ወጣሁ። ያን ቀን ጎታች መኪና አልተገኘም፤ በማግስቱም አልተገኘም። በሦስተኛው ቀን መድኃኒቱ በአህያ ተጭኖ ደረሰ።

ሦስት ቀን ብዙ ላይመስላችሁ ይችላል። በዚያ ቀበሌ የመጨረሻው ጎጥ ያሉ አንዲት እናት አሉ፤ ባለቤታቸውን በዚያው ዓመት የቀበሩ ናቸው። ማሳቸው ስደርስ ስንዴው ከሩቅ ቢጫ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነበር፤ ስገባበት ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ቢጫ ሆነ። ረጨንላቸው። በመኸር ያገኙት ግን ካሰቡት ግማሹን እንኳ አልሞላም። አልተቆጡኝም። "መኪናችሁ ታሞ ነበር አሉ" ብቻ ነው ያሉኝ።

ከዚህ በኋላ የአመራር ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። ምሬቱ ትክክል ነበር፤ አቅጣጫው ግን ሳተ። አዲስ መኪና በራሱ እንዲህ አይሆንም፣ ስለዚህ ሰው አበላሽቶታል ተባለ። ሰው ከተባለ ደግሞ ቁልፉን የያዘው ሰው ነው። ሾፌሩ ናፍጣ እየሸጠ በላምባ እየሞላው ነው የሚል ወሬ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ከሥራ ለማሰናበት የሚያስችል የክስ ደብዳቤ ይዘጋጅ ተባለ። ጸሐፊው ስላልነበረ "አንተ የተማርክ ነህ፣ ጽሑፍህም ጥሩ ነው" ተብሎ ለእኔ ተሰጠ። ጻፍኩት። አንድ ገጽ ተኩል ሞላ። አብሬያቸው አንድ ዓመት የተጓዝኩት፣ በየመንገዱ እንጀራቸውን ያካፈሉኝ ሰው ላይ "በቸልተኝነትና ሆን ብሎ" የሚል ቃል ጻፍኩ። ማስረጃ ነበረኝ ወይ? አልነበረኝም።

ደብዳቤውን ከማስገባቴ በፊት ቢያንስ ይስሙት ብዬ ማታ ቤታቸው ሄድኩ። አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ "ትዕዛዝ ነው የኔ ልጅ፣ አልፈርድብህም። ግን ከመፈረምህ በፊት ይሄንን እይልኝ" ብለው ከኮታቸው ኪስ ባለ 50 ሉክ የተማሪ ደብተር አወጡ።

ደብተሩ በእርሳስ የተጻፈ ነው። መኪናውን ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ ናፍጣ የተሞላበት ቀን፣ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር፣ ስንት ሊትር፣ ከየት እንደተቀዳ አንድም ሳይዘለል ተመዝግቧል። የቆመበት ቀን ደግሞ በመስመር ተለይቷል። "ጋሼ፣ ይሄን ለምን ለኮሚቴው አላሳዩም?" ስላቸው፣ "ማን ጠየቀኝ?" አሉ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ኮሌጅ ካስተማረኝ ነገር አንዱ ሠርቶ ማሳያ ማሳ ነው፤ ማዳበሪያ ያገኘውንና ያላገኘውን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ማለት ነው። ደብተሩን በሁለት ረድፍ ገለበጥኩት። በአንዱ ረድፍ ከሆሳዕና ማደያ የተቀዳበትን፣ በሌላው ከግቢያችን በርሜል የተቀዳበትን ጻፍኩ። መኪናው በጠቅላላው 11 ጊዜ ታሟል። አንዱ የባሌስትራው ነው። አንዱ ደግሞ ጧት አልነሣ ያለበት ነው፤ እሱም ከሌሎቹ ጋር አልገጥም ስላለኝ ለብቻው አስቀመጥኩት። የቀሩት ዘጠኙ በሙሉ ከበርሜሉ በተቀዳ በሁለት ቀን ውስጥ የደረሱ ናቸው። ከማደያ ብቻ በሞላንባቸው ሳምንታት አንድም ጊዜ አልቆመም።

በርሜሉን ያስቀመጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ማደያ ሩቅ ስለሆነና ሰልፉም ቀን ስለሚፈጅ፣ በወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ሁለት ባለ 200 ሊትር በርሜል ናፍጣ በግቢያችን እንድንይዝ ተደርጎ ነበር። መጀመሪያ የተቀመጠው መጋዘን ውስጥ ነው። እኔ ናፍጣ ከማዳበሪያና ከዘር ጋር አንድ ቤት መቀመጥ የለበትም ብዬ ተከራክሬ ወደ ውጭ አስወጣሁት። ምክሩ ልክ ነበር። የመረጥኩት ቦታ ግን ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው ጠፈጠፍ ሥር ነበር። በርሜሎቹንም ክዳናቸውን ወደ ላይ አድርገን አቆምናቸው። ክዳኑ ጥብቅ ነው፣ ናፍጣ ካልወጣ ውኃ በምን ይገባል ብለን ነበር።

በማግስቱ ከሾፌራችን ጋር አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ይዘን በርሜሉ ጋ ሄድን። ቱቦውን እስከ ታች አስገብተን ከወለሉ ላይ ቀዳን። ጠርሙሱን መስኮት ላይ አስቀምጠን አሳደርነው። ጧት ስናየው ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል ጥርት ያለ ውኃ፣ በውኃውና በናፍጣው መካከል ደግሞ እንደ ሻጋታ ያለ ጥቁር ነገር ተንሳፍፏል። በኋላ እንደተረዳሁት ውኃና ናፍጣ በሚገናኙበት ቦታ ላይ የሚራቡ ጥቃቅን ተሕዋስያን አሉ፤ ጥቁሩ ነገር የእነሱ ሥራ ነው። ሾፌራችን ጠርሙሱን አንሥተው ለረጅም ጊዜ አዩትና "ይሄንን ነው ለካ ስናጠጣው የከረምነው" አሉ።

ውኃው እንዴት ገባ? ይህን ለማወቅ ብዙ ሰው ጠይቄያለሁ፤ መልሱ ግን ቀላል ነው። በርሜል ይተነፍሳል። ቀን ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና በክዳኑ ጥርስ በኩል ጥቂት ጥቂት ይወጣል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ አየሩ ይጨማደድና ከውጭ ይስባል። በርሜሉ ቆሞ፣ አናቱ ላይ የዝናብ ውኃ ተጠራቅሞ ካደረ፣ የሚስበው አየር ሳይሆን ያንን ውኃ ነው። ክዳኑ በጣም ጥብቅ ቢመስልም ይስባል። በዚህ ላይ በርሜሉ ግማሽ ጎደሎ ሲሆን በባዶው ክፍል ያለው እርጥበት ሌሊት በቆርቆሮው ላይ ጤዛ ሆኖ ወደ ታች ይንጠባጠባል። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል። እኛም የምንቀዳው ቱቦውን እስከ ወለሉ አስገብተን ነበር፤ አንድ ጠብታ እንዳይቀር ብለን፣ ለቁጠባ።

"የድሮው መኪና እንዲህ ያለውን ናፍጣ እየጠጣ ሃያ ዓመት ሠርቷል" የሚል አባት እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ብዙ ችሏል። የአዲሱ ሞተር አሠራር ግን ሌላ ነው። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከሁለት እስከ ሦስት ባር ገደማ ነው። በድሮው የናፍጣ ሞተር ኖዝሉ የሚከፈተው በመቶና በሁለት መቶ ባር አካባቢ ነበር። በአዲሶቹ ናፍጣው የሚገፋው ከ1,000 ባር በላይ፣ በአንዳንዶቹም 2,000 ባር በሚደርስ ግፊት ነው። ይህን ግፊት ለመቋቋም የኢንጄክተሩ ክፍሎች እጅግ ተቀራርበው የተሠሩ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከሰው ፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። በዚያ ክፍተት ውስጥ የሚያለሰልሰው ናፍጣው ራሱ ነው። ውኃ አያለሰልስም፤ ያዝጋል፣ ይፍቃል። ፊልትሮው በውኃና በጥቁሩ ዝቃጭ ሲታፈን ደግሞ በቂ ናፍጣ አያልፍም፤ ኮምፒዩተሩም ሞተሩን ለማዳን ብሎ ጉልበቱን ይቀንሰዋል። ዳገት ላይ አልጎትት ያለን ለዚህ ነው። የውኃ መብራቱም የሚለው "ፊልትሮው ሥር ያለው ማጠራቀሚያ ሞልቷል፣ አፍስሱልኝ" ነበር። ከሥር ያለችውን ብሎን በእጅ አላልቶ፣ ዕቃ ደቅኖ፣ ንጹሕ ናፍጣ እስኪታይ ማፍሰስ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እኛ 300 ብር ከፍለን አፉን አስያዝነው።

የክስ ደብዳቤውን ቀደድኩት። ለኮሚቴው ያቀረብኩት ሁለቱን ረድፍ፣ ጠርሙሱንና የራሴን ጥፋት የጻፍኩበት ሌላ ገጽ ነው። ኮሚቴው ተወያይቶ ሾፌራችንን በቃለ ጉባኤ ይቅርታ ጠይቋል። ይህን በማድረጉ ዛሬም አከብረዋለሁ፤ አመራር በጽሑፍ ይቅርታ ሲጠይቅ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር።

መኪናው ግን ገና አልዳነም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በጭነት መኪና ተጭኖ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ሻጩ ድርጅት ጋራዥ ደረሰ። የሁለት ዓመት ዋስትና ስለነበረው በነፃ ይሠራልናል የሚል ተስፋ ነበረን። ባለሙያዎቹ ፊልትሮውን ፈቱ። ውኃ፣ ኦርጅናል ያልሆነ ፊልትሮ፣ የተነቀለ ገመድ አገኙ። ዋስትናው በተበከለ ነዳጅ የደረሰ ጉዳትን እንደማይሸፍን ከውሉ ላይ አሳዩን። አራቱም ኢንጄክተሮች በእኛ ወጪ ተቀየሩ፤ ከመቶ ሺህ ብር በላይ ወጣ። ስለዚህ ወጪ በጠቅላላ ጉባኤ ሲነሣ የተቆጡ አባላት ነበሩ። መቆጣታቸው ተገቢ ነው፤ ገንዘቡ የእነሱ ነው።

አንድ ነገር ግን አተረፍን። ከዘጠኙ ጋር አልገጥም ብሎኝ ለብቻው ያስቀመጥኩትን፣ ጧት አልነሣ ያለበትን ቀን ታስታውሳላችሁ። በደብተሩ ላይ ቀኑና ኪሎ ሜትሩ ስለነበረ ለይተን ነገርናቸው። ቢፈትሹት ከባትሪው ወደ መኪናው አካል የሚሄደው ገመድ ከመጀመሪያው በደንብ ያልታሰረ ሆኖ ተገኘ። ያ የእነሱ ጥፋት ነውና በነፃ አስተካከሉት። "አስራ አንድ ጊዜ ተበላሽቷል" ብለን ብቻ ጮኸን ቢሆን ኖሮ አስራ አንዱንም በአንድ መልስ ይመልሱልን ነበር።

እዚያው ጋራዥ ውስጥ ሳለን የገባኝ ሌላ ነገር አለ። በ11 ወር ውስጥ ለሻጩ አንድም ደብዳቤ አልጻፍንም ነበር። ስልክ ደውለናል፣ ተናደናል፣ ስልክ ዘግተናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። ገዢም በበኩሉ ዕቃውን መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ እንዳለበት ይደነግጋል። እኛ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው የምናውቀው። በጥር፣ በመጀመሪያው ሕመም ቀን፣ ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ጽፈን ቢሆን ኖሮ ባለሙያ ጠርተው ፊልትሮውን ይከፍቱ ነበር፤ ውኃውም ያኔ ይገኝ ነበር፤ ኢንጄክተሮቹም ባልተበሉ። መድኃኒቱም በመስከረም በጊዜው ይደርስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠውን ልንገራችሁ። ፒካፑ ከበርሜል አይቀዳም፤ የፈለገው ሰልፍ ይሁን ከማደያ ብቻ ይሞላል። በርሜሉ የቀረው ለመስኖ ውኃ ፓምፖች ነው፤ እሱም ቢሆን ከማዳበሪያው መጋዘን ርቆ፣ ለብቻው በተሠራ ጣሪያ ሥር፣ በእንጨት ላይ ተጋድሞ ነው የሚቀመጥ። ሲጋደም ሁለቱ ክዳኖች ጎን ለጎን በአንድ መስመር መሆን አለባቸው፤ ናፍጣው ከውስጥ ስለሚሸፍናቸው አየርም ውኃም አይስቡም። ለመቅዳት ስንፈልግ ከአንድ ቀን በፊት አቁመን እናረጋዋለን፤ የእጅ ፖምፓው ቱቦም ከወለሉ አንድ ጋት ያህል ከፍ ብሎ እንዲቀር ተቆርጧል። ከሥር የምትቀረው ናፍጣ ኪሳራ አይደለችም። የውኃ ፓምፕ፣ ትራክተር ወይም ኮምባይነር ያላችሁ ማኅበራት በሙሉ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ በርሜላችሁ እንዴት እንደቆመ እዩልኝ። ናፍጣ በዚንክ በተለበጠ ዕቃ የምታስቀምጡም ካላችሁ ተዉት፤ ዚንክና ናፍጣ አይስማሙም።

የመኪናው ደብተር አሁን የሾፌሩ የግል ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። የዩኒየኑ ማኅተም ተመቶበት ጋቢናው ውስጥ ይቀመጣል። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ናፍጣ ከየት፣ ምን ታየ፣ ምን መብራት በራ፣ ኮምፒዩተሩ ምን ቁጥር ሰጠ፣ ማን ምን ነካ የሚሉት ሁሉ ይጻፋሉ። አዲስ ዕቃ ከተገዛ የአሮጌው ዕቃ ቁራጭ ተመልሶ ይመጣል፤ ያልመጣ ደረሰኝ አይወራረድም።

እዚህ ላይ ለክቡራን የሥራ ኃላፊዎች አንዲት ቃል ላቅርብ፤ ለድፍረቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፒካፑ ለስብሰባ ተብሎ በትውስት ሲሄድ ደብተሩ አብሮ ይሄዳል። ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ባዶ ገጽ ይዞ ተመልሷል። መቼ፣ የት፣ ምን እንደተሞላ አናውቅም። በዚያ ሳምንት የሆነ ችግር ቢደርስ የሚጠየቀው ማን ነው? አሁንም ቁልፉን የያዘው ሰው ይሆናል። ከመጻፍ ሁለት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ደግሞም በጀት ስትይዙልን የመኪና መግዣ ብቻ አትያዙልን፤ የኦርጅናል ፊልትሮና የሰርቪስ ወጪውን አብራችሁ ያዙልን። መኪናውን ከገዛን በኋላ ፊልትሮ መግዣ አጥተን ለምነናልና።

ፒካፑ ዛሬ ከ120,000 ኪሎ ሜትር አልፏል። በመካከሉ ታሟል፤ ፍሪሲዮኑ ተቀይሯል፣ ጎማዎቹ ሁለት ጊዜ ተለውጠዋል። ግን መንገድ ላይ አልጎትት ብሎ አላሳደረንም። ደብተሩ አሁን አራተኛው ነው። የመጀመሪያውን በእርሳስ የጻፉት ሾፌራችን አምና ጡረታ ወጥተዋል፤ በስተግራ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው እየሰሙኝ ነው። እዚህ ስማቸውን እንዳልጠራ ስለለመኑኝ አልጠራሁም።

ያቺ ጠርሙስ በመጋዘኑ መደርደሪያ ላይ እስከ ዛሬ አለች። ከምሳ በኋላ በዐውደ ርዕዩ ድንኳን ውስጥ፣ ከዘር ናሙናዎቹ ጎን ታገኟታላችሁ፤ ውኃው አሁንም ከሥር እንደተኛ ነው። ማየት የምትፈልጉ እዚያ እጠብቃችኋለሁ።